ሰውን ለወንጀል ያነሣሣው ነገር ቅጣቱን ይለውጠው?

አወያይ፦ ባለፈው ስለ ሞት ቅጣት ስንከራከር ሳንጨርሰው ያለፍነው ጥያቄ አለ፤ ዛሬ ለብቻው እናንሣው። ሦስት ሰዎች ሆነ ብለው ሰው ገደሉ እንበል። አንዱ ለገንዘብ፣ አንዱ የሟቹን ዘር ጠልቶ፣ አንዱ የወንድሙን ደም ሊመልስ። ሕጉ ሦስቱንም እኩል ይቅጣቸው ወይስ ያነሣሣቸውን ነገር መርምሮ ይለያቸው? አንቀጽ የሚጠቅስ ሰው አንቀጹ ምን እንደሚል በአጭሩ ይንገረን፤ ሁላችንም የሕግ ሰዎች አይደለንም።

ብዕረኛው፦ እኩል ይቅጣቸው። ሕግ እጅ የሠራውን ይዳኝ፤ ልብ ያሰበውን ለፈጣሪ ይተውለት። ልጇ የተገደለባት እናት ገዳዩ ልጇን ቢጠላውም ባይጠላውም ሐዘኗ ያው ነው። ዐቃቤ ሕግ «በጥላቻ ተነሣሥቶ ነው» ባለ ቁጥር ቅጣት የሚከብድ ከሆነ፣ ነገ በፖለቲካ ያልተወደደ ሰው ሁሉ ጥላቻ ሊለጠፍበት ነው። ባለ ሥልጣን ልቤ ውስጥ ገብቶ እንዲፈትሽ አልፈቅድም።

የሕግ መምህሩ፦ ወንድሜ ብዕረኛው፣ ሥጋትህ ይገባኛል፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ አሥረሃቸዋል። የወንጀል ሐሳብ የሚባለው ሰውየው ውጤቱን አውቆና ፈልጎ ማድረጉ ነው። ሲተኩስ ሊገድል ፈልጎ ነበር ወይ? ይህን የማይጠይቅ ሕግ የለም። ካልተጠየቀማ መንገድ ላይ ሳያስብ ሰው የገጨ ሾፌርና አድፍጦ የገደለ ሰው አንድ ይሆኑ ነበር። ስለዚህ ሕግ ከጥንትም ልብን ሲመረምር የኖረ ነው። የዛሬው ክርክራችን ከዚያ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ስላለው ጉዳይ ነው፤ መግደሉን ለምን ፈለገው? እንግሊዝኛው ሞቲቭ የሚለው ይህን ነው፤ እኛ መነሻ እንበለው። ቃሉ «ማንቀሳቀስ» ከሚል የላቲን ግስ በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን፣ የባቡሩን ጎታች ሎኮሞቲቭ ያሰኘውም ይኸው ግስ ነው። የእንግሊዝ ዳኞች ለረጅም ዘመን የያዙት አቋም ግልጽ ነው፤ ሐሳቡ ይረጋገጥ እንጂ ሰውየውን ያንቀሳቀሰው ነገር ጥፋተኛ ለማለትም ነጻ ለማለትም አያስፈልግም። ለመርማሪ ፖሊስ ፍንጭ ይሆነዋል፤ ከዚያ አያልፍም።

የእኛ ሕግ በዚህ መንገድ አልሄደም። የ1949 ዓ.ም.ን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ምሁር ዣን ግራቨን ነበሩ፤ ይዘውት የመጡትም የአህጉረ አውሮፓን አስተሳሰብ ነው። ያንን የተካውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግም በዚያው መስመር ቀጥሏል። አንቀጽ 84 እንደ ምቀኝነት፣ ጥላቻና ስስት ባለ ወራዳ መነሻ የተፈጸመ ወንጀል ቅጣቱ እንዲከብድ ያዛል። አንቀጽ 82 በተቃራኒው በከበረና የራስን ጥቅም ባልፈለገ መነሻ ለተፈጸመው ያቀልላል። ሰው መግደልን በተመለከተ፣ ተራው ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በአንቀጽ 539 ደግሞ የገዳዩ መነሻ፣ መሣሪያው ወይም አገዳደሉ በተለየ ሁኔታ ጨካኝ፣ ነውረኛ ወይም አደገኛ መሆኑን ካሳየ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ይሆናል። እንግዲህ ነገሩ ሕጋችን ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ብዕረኛው ይውጣ የሚል ከሆነ ምን እንደሚተካው ይንገረን።

እህት ከኦሪገን፦ ከሩቅ ሆኜ ክርክራችሁን እያነበብሁ ዝም ማለት አልቻልሁም። ፖርትላንድ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የሙሉጌታ ስራውን ስም ያውቃል። ለትምህርት የመጣ የ28 ዓመት ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1988 በአንዱ ሌሊት፣ ከመኖሪያው አቅራቢያ፣ ጸጉራቸውን የተላጩ ሦስት የነጭ የበላይነት አቀንቃኞች ደበደቡት፤ አንደኛው በቤዝቦል ዱላ ጭንቅላቱን መትቶ ገደለው። ከዚያ በፊት አይተውት አያውቁም። በዱላ የመታው ሰው በዘሩ ምክንያት እንደገደለው ፍርድ ቤት ቀርቦ አምኖ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ የሟቹ ቤተሰቦች ጠበቆች ቶም ሜትዝገር የተባለውን የዘረኞች መሪና ድርጅቱን በፍትሐ ብሔር ከሰሱ፤ ወጣቶቹን የሚያነሣሣ ሰው ልኳል ብለው። የፖርትላንድ ዳኝነት ሸንጎ፣ ማለትም ፍርድ ለመስጠት ከተራ ዜጎች የተመረጠው ቡድን፣ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ወሰነ። «ለምን ገደሉት?» ብሎ የጠየቀ ባይኖር ኖሮ ጉዳዩ የሰከሩ ወጣቶች የሌሊት ጠብ ተብሎ ተዘግቶ ይቀር ነበር።

ብዕረኛው ስለ እናት ሐዘን ያልኸው እውነት ነው፤ ሐዘኑ ያው ነው። የቀረነው ሰዎች ፍርሃት ግን ያው አይደለም። ሙሉጌታን ለገንዘብ ገድለውት ቢሆን ኖሮ ማታ ከሥራ ስወጣ ቦርሳዬን እደብቅ ነበር። በመልኩ ሲገድሉት ግን መልኬን የት ልደብቀው?

ብዕረኛው፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የሙሉጌታ ነገር የሚያንገበግብ ነው፤ ነገር ግን ያነሣሻቸው ሁለቱ ፍርዶች የእኔን ሐሳብ ይደግፋሉ። ያን ያህል ጭካኔ በዱላ የፈጸመ ሰው መነሻው ምንም ይሁን ምን ዕድሜ ልክ ይገባው ነበር። ሜትዝገርም የተጠየቀው ጥቁር ስለጠላ አይደለም፤ ሰው ልኮ ስላነሣሣ ነው። ማነሣሣት ድርጊት ነው፤ ይታያል፣ ይሰማል፣ ምስክር ይቀርብበታል። ድርጊቱን ቅጡት። ጥላቻውን ግን፣ አስቀያሚ ቢሆንም፣ ድርጊት እስካልሆነ ድረስ ተዉት።

ተማሪዋ፦ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰው አንድ መነሻ ብቻ ይዞ ይነሣል? ዘራፊ ሆኖም ሟቹን በዘሩ የሚጠላ ቢሆንስ? የትኛው ይቆጠራል?

የቀድሞ ዳኛ፦ ልጄ፣ ጥሩ ጠይቀሻል፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን እስካሁን ያልተነካ ወገን ስላለ እሱን ላንሣ።

ሁላችሁም የምትከራከሩት መነሻ ቅጣትን ሲያከብድ ስላለው ነው። እኔ በወንጀል ችሎት ኖሬ ያየሁት ሌላ ነው። መነሻውን ለችሎት አብዝቶ የሚያነሣው ተከሳሹ ራሱ ነው፤ የሚያነሣውም ቅጣቱ እንዲቀልለት ነው። ክብሬ ተነካ፣ ሚስቴን ጠርጥሬ ነው፣ የአባቴ ደም እየጮኸ መቀመጥ አልቻልሁም ይላል። ለደም መላሽ የሚዘመርበት አገር ውስጥ ሆነን የከበረ መነሻ ያቀልላል የሚለውን ሕግ ስናነብ መጠንቀቅ አለብን። አንቀጽ 541 በድንገተኛ ቁጣና ሊረዱት በሚቻል የስሜት ግፊት ለገደለ ሰው ቅጣቱን እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ዝቅ ያደርገዋል። ይህ ሲበዛ ቢነደው ለተኮሰ ሰው የተጻፈ ነው። ደም መላሹ ግን አልነደደም። ልጅ ሆኖ አባቱ ተገድሎበት፣ አድጎ፣ ጠመንጃ ገዝቶ፣ ገዳዩ የሚመላለስበትን መንገድ አጥንቶ፣ አንዳንዴም ገዳዩ ቢያመልጠው ምንም ያላደረገውን ወንድሙን የሚገድል ነው። ክብር ብሎ ቢጠራው፣ መንደሩም ጀግና ቢለው፣ ችሎቱ የመንደሩን ቃል ተቀብሎ ማቅለል የለበትም።

ሌላም አለ። ጠለፋን አስታውሱ። በ1949ኙ ሕግ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን በፈቃዷ አግብታዋለች ከተባለ ክሱ ይቀር ነበር። ከጀርባው ያለው አስተሳሰብ «ምን አደረገ፣ ሊያገባት ፈልጎ ነው» የሚል ነው። ሊያገባት መፈለጉ ጉልበቱን አጸዳለት ማለት ነው። ስንት ልጃገረድ «በፈቃዷ» የተባለችው ሽማግሌ መሐል ተቀምጣ፣ ሌላ መውጫ አጥታ ነው! አዲሱ ሕግ ይህን ቆረጠው። በአንቀጽ 587 ሴትን ለማግባት ብሎ የጠለፈ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ በኋላ መጋባታቸውም ከተጠያቂነት አያድነውም። እኔ ለመነሻ ቦታ ይሰጥ ባይ ነኝ፤ በማቅለያ በኩል የሚገባውን ግን በር ላይ ቆመን እንፈትሽ።

የጄኖቫ ነዋሪ፦ የማቅለያውን በር በጣም እንዳታጠቡት እፈራለሁ። እኔ በምኖርበት በጄኖቫ አንድ መጠለያ የሌለው ስደተኛ እ.ኤ.አ. በ2011 ከሱቅ አይብና ቋሊማ ሰርቆ ተያዘ። የዕቃው ዋጋ 4 ዩሮ ከ7 ሳንቲም ነበር። የሥር ፍርድ ቤቶች 6 ወር እስራትና 100 ዩሮ ፈረዱበት። እ.ኤ.አ. በ2016 የጣሊያን ሰበር ችሎት ፍርዱን ሻረው፤ የወሰደው ጥቂት ምግብ ነው፣ የወሰደውም የማይታለፍ የረሃብ ችግር ገፍቶት ነው፣ ስለዚህ ወንጀል አይሆንም ብሎ። ብዕረኛው እንደሚለው እጁን ብቻ ካየን እጁ ሰርቋል።

የሕግ መምህሩ፦ በእኛም ሕግ አንቀጽ 75 አስገዳጅ ሁኔታ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ የተቀመጠ ነው፤ በሌላ መንገድ ሊያስቀረው ካልቻለው ቅርብና ከባድ አደጋ ለመዳን ያደረገውን ሰው አይቀጣም። ረሃብን ካነሣን ግን የእንግሊዞቹ ጥብቅ አቋም የት እንዳደረሳቸው ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1884 ሚኞኔት የተባለች ጀልባ ውቅያኖስ ላይ ሰጠመች። አራት መርከበኞች በትንሽ ታንኳ ቀሩ፤ ምግብም ውኃም አለቀ። ካፒቴኑ ዱድሊና ጓደኛው ስቲቨንስ የ17 ዓመቱን የመርከብ ልጅ ፓርከርን አርደው በሉት። ከቀናት በኋላ ሌላ መርከብ አዳናቸው። ፍርድ ቤቱ ያነሣሣቸው ረሃብ ነፍስ ግድያን ይቅር አያሰኝም ብሎ ሞት ፈረደባቸው። እዚህ ላይ ብዕረኛው ያጨበጭብ ይሆናል። ግን ማንም ሊሰቅላቸው አልፈለገም፤ በንግሥቲቱ ምሕረት ቅጣቱ ወደ 6 ወር እስራት ዝቅ አለ። ከሞት ወደ 6 ወር!

ያየነው ይህን ነው፤ የሰውየው መነሻ ከችሎት ሲባረር አልጠፋም፣ በቤተ መንግሥቱ በር ተመልሶ ገባ። እዚያ ምስክር አይሰማም፣ ይግባኝ አይባልም፣ ውሳኔው ለምን እንደተሰጠ የሚጽፍ የለም። ብዕረኛው፣ አንተ የምትፈራው ሥልጣን ያለው ሰው ልብህን በዘፈቀደ እንዲመዝን ነው። እኔም እሱን እፈራለሁ። ለዚህም ነው ሚዛኑ ሁሉም በሚያየው ችሎት ውስጥ ይሁን የምለው።

ብዕረኛው፦ የሚኞኔቱ ነገር ከባድ ነው፤ አልክድም። ረሃብንና ራስን ማዳንን ለዳኛው ተዉለት፤ በዚያ አልከራከርም። ጥላቻ ላይ ግን አቋሜን አልለቅቅም። የ2012ቱ የጥላቻ ንግግር አዋጅ፣ ቁጥር 1185፣ ሲወጣ ብዙዎቻችን የፈራነው ቃሉን ሳይሆን ማን ይተረጉመዋል የሚለውን ነበር። ማስረጃው ምንድን ነው? አንድ ሰው ከአምስት ዓመት በፊት የጻፈው መጥፎ ቃል ዛሬ በተጣላበት ጠብ ይመዘዝበት?

የሕግ መምህሩ፦ ይህ የክርክሩ ዋና ነጥብ ነው፤ አሜሪካውያንም በዚሁ ላይ ብዙ ታግለዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 በዊስኮንሲን ግዛት ጥቁር ወጣቶች ተሰባስበው አንድ የ14 ዓመት ነጭ ልጅ ደበደቡ፤ የመረጡት በነጭነቱ ነው። ለድብደባው ከ2 ዓመት የማያልፈው ቅጣት በጥላቻ ምክንያት ወደ 4 ዓመት ከፍ አለ። ተከሳሹ እንደ አንተ «አስተሳሰቤን ነው የቀጣችሁት» ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኞቹ እ.ኤ.አ. በ1993 በሙሉ ድምፅ ቅጣቱን አጸኑ፤ እምነትህ አያስቀጣህም፣ ተጎጂህን በእምነትህ መርጠህ መምታትህ ግን ያስቀጣሃል አሉ። በነገራችን ላይ የሕጉ በትር ያረፈው በጥቁር ተከሳሽ ላይ መሆኑን ልብ በሉ።

ግን በዚህ አላበቃም። በኒው ጀርሲ አንድ ነጭ ሰው የጥቁር ቤተሰብ መኖሪያ ላይ ተኮሰ። ለወንጀሉ ከፍተኛው ቅጣት 10 ዓመት ሲሆን፣ ዳኛው ብቻቸውን፣ ዝቅ ባለ የማስረጃ መጠን፣ መነሻው የዘር ጥላቻ ነው ብለው 12 ዓመት ፈረዱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ሻረው። ከከፍተኛው ጣሪያ በላይ የሚያስቀጣ ፍሬ ነገር ከሆነ እንደ ወንጀሉ ሁሉ በዳኝነት ሸንጎው ፊት ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ይረጋገጥ ተባለ። ብዕረኛው፣ የምትፈልገው አጥር ይህ ነው። እኛ ሸንጎ የለንም፤ የማስረጃውን ልክ ግን ልንወስደው እንችላለን።

የቀድሞ ዳኛ፦ በዚህ እስማማለሁ። አሁን ወደ ተማሪዋ ጥያቄ ልመለስ። መነሻዎች ሲደራረቡ እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሟቹ የሌላ ዘር ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ተከሳሽ ያንን ሌሊት ይገድለው ነበር? ገንዘቡን ሊወስድ የመጣ ዘራፊ ማንንም ይዘርፍ ከነበረ፣ በልቡ ጥላቻ ቢኖርበትም የገደለው ለገንዘብ ነው፤ በስስት ይመዘን። ለዚህ መልስ የሚሆን ማስረጃ ከአምስት ዓመት በፊት ከተጻፈ ቃል አይመጣም። ሲመታው ምን አለ? ሌሎቹን አሳልፎ እሱን ለምን ለየው? ኪሱን ነካ ወይስ ሳይነካ ሄደ? አስቀድሞ ለማን ምን ተናገረ? ድርጊቱን የከበበው ይህ ነው። አሮጌ ጽሑፍ ከዚህ ጋር ሲገጥም ይደግፋል፤ ብቻውን ሲቀርብ ግን እኔ አልቀበለውም።

እህት ከኦሪገን፦ ጋሼ፣ ጥላቻውን ደብቆ፣ ምንም ሳይናገር፣ ኪስ አውልቆ ዝርፊያ ያስመሰለስ?

ብዕረኛው፦ እኔም ይህንኑ ልጠይቅ ነበር፤ በተቃራኒው ዓላማ ቢሆንም። እንዲህ ያለው ሲያመልጥ ዐቃቤ ሕጉ «ልቡን አውቀዋለሁ» ወደ ማለት ይገፋፋል።

የቀድሞ ዳኛ፦ ካልተረጋገጠ አልተረጋገጠም። ዐቃቤ ሕጉ ልቡን አውቀዋለሁ ቢልም አልሰማውም። በዚያን ጊዜ ሰውየው በአንቀጽ 540 እንደ ተራ ነፍሰ ገዳይ ይቀጣል፤ እስከ 20 ዓመት ማለት ነው። እህቴ፣ ይህ ለአንቺ እንደማይበቃ አውቃለሁ። ከዚህ በላይ ግን ያለ ማስረጃ መሄድ አልችልም።

እህት ከኦሪገን፦ አይበቃኝም። ነገር ግን ማስረጃ ሲኖር ችሎቱ ዘወር ብሎ እንዳያልፈው እስከሆነ ድረስ አጥሩን እቀበላለሁ።