ሪዘርቭ ላይ ያላችሁ አብራሪዎች፣ ሰዓቱንና ክፍያውን እንዴት ነው የምትቆጥሩት?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እዚህ አሜሪካ በአንድ ሪጅናል አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ሆኜ ከተቀጠርኩ አምስት ወር ሆኖኛል። ባለቤቴና የሁለት ዓመት ልጄ ሲልቨር ስፕሪንግ ናቸው፤ ቤዜ (ሥራ የምጀምርበት ኤርፖርት) ግን ቺካጎ ኦሄር ነው። በሲኒየሪቲ (በቅጥር ቅደም ተከተል) ከታች ስለሆንኩ የራሴ መስመር፣ ማለትም አስቀድሞ የታወቀ የወር የበረራ ፕሮግራም የለኝም፤ ወሩን ሙሉ ሪዘርቭ (ተጠባባቂ) ነኝ። የእኔ ሾርት ኮል የሚሉት ነው፤ ከተደወለልኝ በሁለት ሰዓት ውስጥ ኤርፖርት መገኘት አለብኝ። ስለዚህ በሥራ ቀኖቼ ቤቴ መሆን አልችልም። ኦሄር አጠገብ ለሰባት በተከራየነው ክራሽ ፓድ፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ ሆኜ ስልኬን ስጠብቅ እውላለሁ።

ሁለት ነገር ግራ አጋብቶኛል።

አንደኛው ሰዓቱ ነው። ሁሉንም በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በ24 ሰዓት ነው የምጽፈው። ባለፈው ማክሰኞ የተጠባባቂነት ጊዜዬ (ራፕ የሚሉት) ከ4:00 እስከ 18:00 ነበር። 13:00 ላይ ተደወለና “15:30 ሪፖርት አድርግ፣ ሦስት በረራ አለህ፣ የመጨረሻው 20:40 በር ላይ ይቆማል” ተባልኩ። እሺ ብዬ ሄድኩ። ካፒቴኗ ገና እየተዋወቅን “ራፕህ ስንት ሰዓት ጀመረ?” አለችኝ። 4:00 ስላት ስልኳን አነሳች። ስኬጁሊንጎቹ (በረራ የሚመድቡልን ሰዎች) የሚቆጠረው ከ15:30 ጀምሮ 12 ሰዓት ነው ይላሉ፤ እሷ አይደለም ትላለች። በመጨረሻ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ተጠራ፣ በረራውም 50 ደቂቃ ዘገየ። የሙከራ ጊዜዬን ገና አልጨረስኩም። ስሜ በክፉ ተይዞ ይሆን እያልኩ ሦስት ሌሊት በደንብ አልተኛሁም። ትክክል የነበረው ማን ነው? እኔስ ማወቅ ነበረብኝ?

ሁለተኛው ደመወዜ ነው። በመጀመሪያው የሪዘርቭ ወር የበረርኩት 19 ሰዓት ብቻ ነበር፣ የተከፈለኝ ግን 75። በሁለተኛው ወር 61 ሰዓት በረርኩ። በዚያ ላይ ልጄን ሳላይ በዕረፍት ቀኔ የ9 ሰዓት ጉዞ ራሴ ጠይቄ ወሰድኩ። 75 ላይ 9 ተጨምሮ 84 ይመጣል ብዬ ነበር። የመጣው ያው 75 ነው። ያ የዕረፍት ቀን የት ገባ?

የዳላሱ ካፒቴን፦

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ተረጋጋና ተኛ። ካፒቴኗ ትክክል ነበረች። እኔም ከአዲስ ረዳት አብራሪ ጋር ስገናኝ ከስሙ ቀጥሎ የምጠይቀው ራፑን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክፍል 117 የምንለው የኤፍኤኤ (የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን) ደንብ ሾርት ኮል ላይ ላለ ሰው ሁለት የተለያየ ጊዜ ያስቆጥራል። አንዱ ራፑ ራሱ ነው፣ ከ14 ሰዓት አይበልጥም። ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፤ ራፕህ ከጀመረበት ደቂቃ አንሥቶ በረራህ እስኪያልቅ ያለው ጠቅላላ ጊዜ። የዚህን ገደብ ለማግኘት፣ የበረራ ሥራ ቢበዛ ስንት ሰዓት እንደሆነ በሚያሳየው የደንቡ ሠንጠረዥ ቢ ላይ ሪፖርት የምታደርግበትን ሰዓትና የበረራዎችህን ቁጥር ታያለህ፣ ባገኘኸው ላይ 4 ትጨምራለህ። የመጣው ቁጥር ከ16 ካነሰ ገደብህ እሱ ነው፤ ከበለጠ ገደብህ 16 ነው። የአንተን እንየው። 15:30 ሪፖርት፣ ሦስት በረራ፣ ሠንጠረዡ 12 ይላል። 12 ላይ 4 ስትጨምር 16። ከ4:00 ጀምረህ 16 ቁጠር፣ 20:00 ላይ ይቆማል። የአንተ ጉዞ የሚያልቀው 20:40 ነበር። ያ ጉዞ ለአንተ ገና ሲሰጥህ ሕጋዊ አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይቺን ያዛት። ሪፖርትህ በመሸ ቁጥር ሠንጠረዡም ያንሳል። ያን ዕለት 17:30 ቢጠሩህ ኖሮ ለሦስት በረራ 11 ነው የሚለው፤ 11 እና 4፣ 15። እንግዲህ 19:00 ላይ ታበቃለህ ማለት ነው። “ሁልጊዜ 16 ነው” የሚልህን አትስማ።

የሁለት ሰዓት ማራዘሚያ አለ ይሉሃል። አለ። ግን አስቀድሞ ያልታየ ነገር፣ እንደ ነጎድጓድ ወይም ብልሽት ያለ ሲገጥምና ካፒቴኑ ሲስማማ ነው። ከመጀመሪያው በማይገባ ልክ ተቆርጦ የመጣን ጉዞ በእሱ አይጠግኑትም።

ማወቅ ነበረብህ ወይ? አዎ። ደንቡ ኩባንያውን ብቻ አይዝም፣ አብራሪውንም ይይዛል። “ስኬጁሊንግ ሕጋዊ ነው ብሎኝ ነበር” ማለት ላይሰንስህን አያድንልህም። እኔ ክራሽ ፓዴ ግድግዳ ላይ ሠንጠረዥ ቢን ለጥፌ ነበር። ስልኩ ሲጮህ ከመልሴ በፊት ራፕ የጀመረበትን፣ ሪፖርቱን፣ የበረራውን ቁጥርና የሚያልቅበትን እጽፋለሁ። 40 ሰከንድ አይፈጅም።

አሁን ልቤ ላይ ያለውን ልንገርህ። ራፕ ዕረፍት አይደለም። ከራፑ በፊት 10 ሰዓት ዕረፍት ይሰጡሃል፣ በውስጡም ሳይቋረጥ 8 ሰዓት የምትተኛበት ዕድል መኖር አለበት። 14 እና 10 ሲደመር 24 ነው። ራፕህ በየቀኑ 4:00 የሚጀምረው ለዚህ ነው፣ ሒሳቡ ልክ ይገጥማል። ግን ማን ነው በ19:00 ሰባት ሰው ባለበት ቤት የሚተኛ? የምትተኛበትን ሰዓት ካልተከላከልክለት ማንም አይከላከልልህም። በዕረፍትህ ጊዜ ስልክ የማንሣት ግዴታ የለብህም፣ ድምፁን አጥፋው። በ168 ሰዓት ውስጥም 30 ተከታታይ ሰዓት ከሁሉም ነገር ነፃ መሆንህን ቁጠር።

ይህ ሁሉ ደንብ በደም የተጻፈ ነው። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 የኮልጋን አየር መንገድ በረራ 3407 ቡፋሎ አቅራቢያ ሲወድቅ 50 ሰው ሞተ። ረዳት አብራሪዋ ሌሊቱን ከሲያትል በሜምፊስ በኩል ተሳፍራ ነበር ኒውዋርክ የገባችው። መርማሪዎቹ ዋናው ምክንያት ካፒቴኑ ለማስጠንቀቂያው የሰጠው የተሳሳተ ምላሽ ነው ቢሉም፣ ድካም የአብራሪዎቹን ሥራ ሳይጎዳው እንዳልቀረ ጽፈዋል። ክፍል 117 በጃንዋሪ 4 ቀን 2014 ሥራ ላይ የዋለው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ያን ጊዜ በሰዓት 21 ዶላር የተቀጠርኩ፣ እንደ አንተ ከሌላ ከተማ እየተሳፈርኩ የምሠራ ልጅ ነበርኩ። ዜናውን ክሩ ሩም ውስጥ ቆመን ነው ያየነው፣ ማንም ቃል አልተነፈሰም። ስለዚህ ኦሄር አንድ ቀን ቀድመህ ግባ እንጂ ራፕህ በሚጀምርበት ሌሊት አትጓዝ፣ እባክህን።

ጾመኛ ከሆንክ ደግሞ ስለ ሁዳዴ ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገር። ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ለሥራ ብቁ ነኝ ብለህ ነው የምትፈርመው። እስከ 15:00 እህል ውኃ ሳትቀምስ 15:30 ላይ ያ ፊርማ እውነት መሆን አለበት። የእኔ አባት “ሰው ተሸክመህ እየበረርክ ሰውነትህን አታድክም” ብለውኛል።

ደመወዙን ውሉን የሚያውቅ ሰው ይመልስልህ፣ እኔ የኩባንያህን ውል አላየሁም።

የአትላንታዋ፦

እኔ አብራሪ አይደለሁም። ክሩ ስኬጁለር ሆኜ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ስልኩን የምደውለው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ከዚያኛው ወገን ልንገርህ።

ስምህ አልተበላሸም። እኛ ጋ በአንድ ፈረቃ ብቻ ስንት ሰው “ይሄ አይሆንም” ይለናል። በቁጥር አስረድቶ የሚነግረንን እናመሰግነዋለን፤ የሚያስቸግረን ስልክ የማያነሣው ነው። የሶፍትዌሩ ስክሪን ላይ አረንጓዴ ከሆነ ሕጋዊ ነው ብለን እንሄዳለን። ግን ራፑ በእጅ ሲቀየር ወይም ሰው ከሎንግ ኮል (ብዙ ሰዓት ቀድሞ ከሚነገርበት ተጠባባቂነት) ወደ ሾርት ኮል ሲዛወር መነሻው በትክክል ሳይገባ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ጥሪው የሚቀዳ ስለሆነ ሰዓቱን ጮክ ብለህ ተናገር፦ “ራፔ የጀመረው 4:00 ነው፣ ገደቤ 20:00 ነው፣ ጉዞው 20:40 ያልቃል።” በትሕትና፣ አንድ ጊዜ። ካልተግባባችሁ ሱፐርቫይዘር ጠይቅ።

ወደ ደመወዝህ ልምጣ። 75ቱ ጋራንቲ ነው፣ ከዚህ አያንስም ማለት ነው። 19 ብትበርም 75፣ 61 ብትበርም 75፣ 80 ብትበር 80 ይከፈልሃል። ጥያቄው በዕረፍት ቀን የወሰድከው ጉዞ በየትኛው ኮድ ገባ የሚለው ነው። በብዙ ውል ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከጋራንቲው በላይ ይከፈላል፤ ያኔ 84 ታገኝ ነበር። ሌላው ከበረርከው ጋር ይደመራል፤ 61 እና 9፣ 70፣ ከ75 አልዘለለም፣ ስለዚህ የዕረፍት ቀንህን በነፃ ሰጠህ ማለት ነው። ልዩነቱ አንዳንዴ ኮምፒውተሩ ላይ የተጫንከው አንድ ቁልፍ ነው። ሳትጠይቅ ምንም ጉዞ አትውሰድ። የሕመም ቀንም እንዲሁ። የተጠራቀመ የሕመም ሰዓት ከሌለህ ጋራንቲው ተካፍሎ ይቀነሳል፤ 18 የሪዘርቭ ቀን ላለው ሰው አንዱ ቀን 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው።

የትርፍ ሰዓት ሕግ ያግዘኛል እንዳትል። የአየር መንገድ ሠራተኛ ከዚያ ሕግ ውጭ ነው፣ የምንተዳደረው አየር መንገድንም በሚያካትተው የባቡር ሠራተኞች ሕግና በኅብረት ስምምነቱ ነው። ስለዚህ ያንን ወፍራም መጽሐፍ የክፍያውንና የሪዘርቩን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ አንብብ። የክፍያ ቅሬታ ማቅረቢያ ቀን ስላለው ግን ንባቡን ሳትጨርስም ቢሆን ለማኅበሩ ተወካይ ዛሬ ጻፍ።

የፍራንክፈርቱ፦

ከአውሮፓ ትንሽ ልጨምር፣ ዘመድ ሲያወራ ቃሉ እያምታታን ነው። እኛ ጋ “ሪዘርቭ” ማለት ቢያንስ 10 ሰዓት ቀድመው የሚነግሩህ ነው፣ እንደ እናንተ ሎንግ ኮል። አንተ ያለህበትን እኛ “ስታንድባይ” እንለዋለን፣ ቤት ሆነህ እስከ 16 ሰዓት ድረስ ነው። ስታንድባዩ ከ6 ሰዓት ካለፈ ትርፉ ከበረራ ሥራ ሰዓትህ ላይ ይቀነሳል። ስታንድባይና በረራ ተደምሮም ከ18 ሰዓት በላይ ነቅተህ እንድትቆይ አያደርግህም። እኔን ደስ የሚለኝ ቤት የጠበቅከው ጊዜ 25 በመቶው የሥራ ሰዓት ተብሎ ከሳምንቱ 60 ሰዓት ገደብ ላይ መታሰቡ ነው። ቁጭ ብሎ መጠበቅም እንደሚያደክም ቢያንስ ወረቀት ላይ ታምኖበታል። ስለ ክፍያ ግን ይህ ደንብ አንድ ቃል አይናገርም፣ እሱ እኛም ጋ የኩባንያው ውል ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ ሠንጠረዡን ዛሬ አትሜ ከአልጋዬ በላይ ለጠፍኩት፤ ከላዬ የሚተኛው ልጅም አንድ ቅጂ ወሰደ። እሱም ባለፈው ወር ከ16 ሰዓት ያለፈ አንድ ቀን እንደነበረው አሁን ገብቶታል።

እህቴ፣ ያልሽው ልክ ነው። ጉዞውን የወሰድኩት በተራ ቁልፍ ነው፤ ከጋራንቲ በላይ የሚከፍለው ሌላ ቁልፍ ከሥሩ አለ። ኮንትራቱን አነበብኩ፣ ክፍት ጉዞ በዕረፍት ቀን ለወሰደ ሪዘርቭ ኩባንያው የትኛው እንደሆነ እንዲያሳውቀው የሚል ዐረፍተ ነገር አለው። ለእኔ ማንም አላሳወቀኝም። ተወካዩ “የ9ኙን ሰዓት ቅሬታ አስገባ፣ ጊዜው አላለፈም” ብሎኝ ትናንት አስገባሁ። ገንዘቡ ባይመለስም ቀኑን እንዲያውቁት እፈልጋለሁ፤ ልጄ ያን ቅዳሜ ሁለት እግሯን አንሥታ መዝለል ጀምራለች፣ እኔ ዲሞይን ነበርኩ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ዲሴምበር ላይ ሪዘርቭ ነኝ። ለገና ቤቴ የምገኝበት መንገድ አለ?

የዳላሱ ካፒቴን፦

አለ፣ እንዲያውም እኛ ከሌላው የተሻለ ዕድል አለን። ሁሉም የሚሻማው በዲሴምበር 25 ነው፤ የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው። ኦክቶበር ላይ ከአንተ ጥቂት ከፍ ካሉት አንዱን ፈልግ። “ዲሴምበር 24 እና 25ን እኔ እሠራልሃለሁ፣ አንተ ጃንዋሪ 6 እና 7ን ያዝልኝ” በለው። ወሮቹ ስለሚለያዩ መቀያየሩን ሲስተሙ ላይቀበለው ይችላል፣ ያኔ በየወሩ በሚደረገው የሥራና የዕረፍት ቀን ምርጫ (ጨረታ) ላይ ጃንዋሪ 7ን ከሁሉም በላይ አስቀድመህ ጠይቅ፤ ያን ቀን የሚፈልገው ስለማይበዛ ለጁኒየርም ይደርሳል። እኔ ከሦስተኛ ዓመቴ ጀምሮ አንድም ገና አላመለጠኝም።

በፋሲካ ላይ ግን አስቀድመህ ካሌንደር እይ። በ2024 የእኛ ሜይ 5 ነበር፣ ቀላል ነበር። በ2025 ከፈረንጆቹ ጋር ኤፕሪል 20 ላይ ገጠመ፤ ያን ዓመት ዳላስ ላይ ከቅዳሴ እንደወጡ የደወሉልኝ ባለቤቴና ልጆቼ ነበሩ፣ እኔ ኤርፖርት ስታንድባይ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ጃንዋሪ 6 ወደ ቤትህ ስትሳፈር የመጨረሻውን በረራ አትጠብቅ። ቢያመልጥህ ከኋላው ገና ሌላ ሁለት በረራ የሚቀርልህን ምረጥ።