ቢፒአርን የገደለው ቲዎሪው ነው ወይስ እኛ?

የማታ ተማሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ማክሰኞ የማስረክበው አሳይመንት አለ። "አንድ የድርጅት ቲዎሪ መርጣችሁ በምታውቁት መሥሪያ ቤት ላይ ሞክሩት" ይላል። ቢፒአርን፣ ማለትም የመሥሪያ ቤትን የሥራ አካሄድ ከሥሩ እንደ አዲስ መቅረጽን መረጥኩ፤ አቋሜም ይሄ ነው፦ እነዚህ ነገሮች በፈረንጅ ኩባንያ ልክ የተሰፉ ናቸው፣ እኛ ላይ ወይ ይጠባሉ ወይ ይሰፋሉ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የመንግሥት ሠራተኛው ከሥልጠና ሥልጠና ሲዞር ከረመ። ዛሬም መዝገብ ቤት ስትሄዱ "ነገ ተመለስ" ነው። ተከራከሩኝ።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ እኔ ያኔ ጥናት ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ነባሩን "አዝ ኢዝ"፣ አዲሱን "ቱ ቢ" እያልን፣ ግድግዳ ሙሉ ወረቀት ለጥፈን፣ አንድ ደብዳቤ በስንት እጅ እንደሚያልፍ በቀስት ስንስል እናመሽ ነበር። 17 እጅ የነበረውን 4 አደረስነው። ከዚያስ? የቢሮው ግድግዳ ፈረሰ፣ ሁሉም አንድ አዳራሽ ገባ፣ "የሥራ ሂደት ባለቤት" የሚባል ወንበር መጣ፣ ድልድል ወጣ፣ ቦታ ያጣው ተንሳፋፊ ተባለ። የፋይናንስ መመሪያው ግን ንክች አላለም። የቀነስነው ፊርማ ሁሉ በጓሮ በር ተመልሶ ገባ።

ሌክቸረሩ፦ ጋሼ ልክ ብለዋል። ነገሩ የሚገባን ከመነሻው ስናየው ነው። አሜሪካዊው የማኔጅመንት ምሁር ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1990 የቢፒአርን ሐሳብ ሲያቀርብ የፎርድን ጉዳይ ነበር ምሳሌ ያደረገው። የፎርድ የሰሜን አሜሪካ ክፍያ ክፍል ከ500 በላይ ሠራተኛ ነበረው፤ ማዝዳ ጋ ያንኑ ሥራ የሚሠሩት 5 ሰዎች ነበሩ። የፎርዶቹ ቀኑን የሚጨርሱት የግዢ ትዕዛዙን፣ ዕቃ የገባበትን ሰነድና የሻጩን ኢንቮይስ ሲያመሳክሩ ነው። ከለውጡ በኋላ ዕቃ ተረካቢው እዚያው በር ላይ ኮምፒውተር ያያል፣ ከትዕዛዙ ጋር ከገጠመ ይረከባል፣ ክፍያው ይሄዳል። ኢንቮይስ መጠበቅ ቀረ። የክፍሉ የሰው ኃይልም በ75 በመቶ ቀነሰ።

የንብረት ክፍሏ፦ ኧረ ይሄ የእኔ ጠረጴዛ ነው! ሞዴል 19፣ ያው የዕቃ ገቢ ደረሰኙን፣ ሳልቆርጥ ፋይናንስ ሳንቲም አይከፍልም። ትዕዛዙ ግዢ ክፍል፣ ኢንቮይሱ ፋይናንስ፣ ሞዴሉ እኔ ጋ። ባለፈው 40 ፓኬት ወረቀት ታዝዞ 38 መጣ። ነጋዴው ክፍያዬ ይላል፣ ግዢ እንደገና ይቆጠር ይላል፣ ኮሚቴ ይሰብሰብ ተባለ፣ የኮሚቴው ጸሐፊ ፊልድ ወጥቷል። ለ2 ፓኬት ወረቀት ስንት ወረቀት እንደጨረስን አትጠይቁኝ።

የማታ ተማሪ፦ እና ይሄ ለእኔ አይደል የሚመሰክረው? እነሱ ጋ ሲስተም አለ፣ እኛ ጋ የለም። አይገጥምም አልኩ፣ አልገጠመም።

የንብረት ክፍሏ፦ ተው እንጂ! ኮምፒውተሩማ ጎኔ ተቀምጧል። እኔን አምኖ ክፍያ የሚለቅ አለቃ ነው የጠፋው። እሱም አይፈረድበትም፣ ብር ሲጎድል ኦዲተር አንቆ የሚይዘው እሱንና እኔን ነው።

ጡረተኛው፦ ደግሞ ሁሉንም ከሸፈ አትበሉብኝ። የንግድ ፈቃድ ማውጣት በዚያ ዘመን በደንብ አጥሯል። ለምን ብትሉ፣ ጉዳዩ እዚያው መሥሪያ ቤት ተጀምሮ እዚያው ያልቃል፣ የሌላ ቤት ፊርማ አይለምንም።

ሌክቸረሩ፦ ለዚህ ነው ተማሪያችን ቲዎሪ አይሠራም ሲል የማልስማማው። ድርጅቶችን የሚያጠኑት ሶሲዮሎጂስቶች ዲማጂዮና ፓወል እ.ኤ.አ. በ1983 ያሉትን እይ። ድርጅቶች የሚመሳሰሉት ሁልጊዜ ስለሚያዋጣቸው አይደለም። አንዱ ከላይ ታዞ ነው፣ አንዱ ግራ ሲገባው ጎረቤቱን አይቶ ነው፣ አንዱ ባለሙያዎቹ አንድ ዓይነት ትምህርት ስለተማሩ ነው። እስቲ ቢፒአር፣ ቢኤስሲ (የውጤት መለኪያው)፣ ካይዘን (የጃፓኖቹ በጥቂት በጥቂቱ ማሻሻል) በየተራ የገቡበትን መሥሪያ ቤት አስብ። በየትኛው በር ነው የገቡት? ይሄን ስትጠይቅ በፈረንጅ ቲዎሪ የራስህን ቢሮ እያየህ ነው።

የማታ ተማሪ፦ እሺ፣ ግማሹን ተቀበልኩ። "ለእኛ አይሆንም" የሚለውን አውጥቼ "ማን አዘዘው፣ መመሪያውስ ለምን አልተነካ" ብዬ እጽፋለሁ። በልካችን አይደለም ያልኩት ግን አሁንም በልካችን አይደለም፣ ተረካቢ የማይታመንበት ቤት ፎርድን ማምጣት ትርፉ ግድግዳ ማፍረስ ነው። እህቴ፣ የሞዴል 19ኙን ታሪክ ልጠቀምበት? የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም።

የንብረት ክፍሏ፦ ተጠቀምበት።

ጡረተኛው፦ 2ቱ ፓኬት ግን መጣ?

የንብረት ክፍሏ፦ ጋሼ፣ ጸሐፊው መቼ ተመለሰና።