ከአራት ኪሎ ሜዳ ወደ ፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ፣ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ 1.94 ሜትር። አራት ኪሎ ሲሚንቶ ሜዳ ላይ ይለማመዳል፤ ሁሌም ቀለበቱ ሥር ነው የሚያጫውቱት። ቅርጫት ኳስን እንጀራው ማድረግ ይፈልጋል። አንድ ሰውዬ «ውጭ ክለብ አስገባዋለሁ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቆናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ 1፦
እባካችሁ አምስት ሳንቲም እንዳትሰጡት! በፊባ (የዓለም አቀፉ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች፣ ከልዩ ሁኔታ በቀር፣ ከአገር አገር አይዛወርም። 18 ሲሞላውም በፌዴሬሽን የተመዘገበ ከሆነ መልቀቂያ ደብዳቤ ያስፈልገዋል። ወኪል ነኝ የሚል ሰው የፊባ ፈቃዱን ያሳይ።

መልስ 2፦
በ1.94 ቀለበት ሥር መቅረት አያዋጣም፤ በፕሮፌሽናል ደረጃ እዚያ የሚቆሙት በአብዛኛው ከሁለት ሜትር በላይ ናቸው። ከአሁኑ በግራ እጁም ኳስ መንዳት፣ ከሦስት ነጥብ መስመር፣ ከ6.75 ሜትር መወርወር ይልመድ። ሲደክመው ኳሱ ቀለበቱ ጋ ሳይደርስ የሚወድቅ ከሆነ ችግሩ እጁ ላይ አይደለም፣ ጉልበቱን ማጠፍ ትቷል ማለት ነው። ሲሚንቶ ላይ ዝላይ በየቀኑ አይደጋገም። ከጉልበት ሎሚው በታች ያለው ጅማት ሲቆጣ ዝላዩ ይቀነስ፤ የሕመም ማስታገሻ ውጦ መጫወት ያባብሰዋል።

መልስ 3፦
ትምህርቱንም አደራ። የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛ እርከን የሆነው አንደኛ ዲቪዚዮን 16 ዋና ዋና የሁለተኛ ደረጃ ኮርሶችን ይጠይቃል። ካሜሩናዊው ፓስካል ሲያካም ዘግይቶ ጀምሮ፣ በኮሌጅ አልፎ ነው በ2016 እ.ኤ.አ. በኤንቢኤ ድራፍት (የአሜሪካ ሊግ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) 27ኛ የተመረጠው። ለአሰልጣኝ ቪዲዮ ስትልኩ ደግሞ ያልተቆራረጠ ሙሉ ጨዋታ ይሁን፤ ኳስ ሳይዝ እንዴት እንደሚከላከል ማየት ይፈልጋሉ።