የጥንት የሻይ ጽጌረዳ በየጓሯችን፦ ለእድሩ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ዕቅድ (የዳላስና አካባቢው አትክልት ክፍል)

አስተባባሪ

ጤና ይስጥልኝ። ለጉባኤው የምናቀርበው ረቂቅ ከዚህ በታች አለ። የማትስማሙበትን እዚሁ ጻፉ፤ ጉባኤው ፊት እርስ በርሳችን እንዳንከራከር።

«የአትክልት ክፍሉ ፈቃደኛ በሆኑ 12 አባላት ጓሮ የጥንት የሻይ ጽጌረዳ ይተክላል። ለየቤቱ ሁለት እግር፣ በድምሩ 24 እግር ይገዛል። አንዱ በ30 ዶላር ግምት 720 ዶላር ከእድሩ ይጠየቃል።»

ለምን ይህ ዓይነት ለምትሉ፦ ዘራቸው ከቻይና ነው። ሁለቱ ታዋቂ እናት ዝርያዎች በ1809 እና በ1824 እንግሊዝ ገቡ፤ ፈረንሳዮች በተለይ ከእነሱ ብዙ አራቡ። ብርድ ስለማይወዱ ሰሜን አውሮፓ በመስታወት ቤት ነበር የሚያኖራቸው፤ ቴክሳስ ግን ደጅ ላይ ከማርች እስከ ውርጭ ደጋግመው ያብባሉ። በየሱቁ የምናየው ዘንጉ ቀጥ ያለው፣ አገር ቤትም ሆለታና ዝዋይ ለውጭ ገበያ የሚመረተው ዓይነት ከእነሱ የተወለደ ነው፤ የመጀመሪያው የሚባለው ላ ፍራንስ በ1867 ወጣ። እኛ የምንፈልገው ወላጆቹን ነው።

ገንዘብ ያዥ

እህቴ፣ ጽሑፉ ጥሩ ነው። ግን እኔን የሚጠይቁኝን ጥያቄ አስቀድሜ ልጠይቅ። እድር የቆመው ለቀብርና ለለቅሶ ነው። የአባላት መዋጮ ለአበባ ወጣ ከተባለ ጉባኤው ላይ የሚነሳውን ሰው ስሙን ሳልጠራ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛ፣ ትልልቆቹ ሱቆች በጸደይ መጀመሪያ ሥሩ በላስቲክ የተጠቀለለ ጽጌረዳ በርካሽ ይሸጣሉ። ለምን 30 ዶላር?

አባል፣ ከሜስኪት

ጋሼ፣ የሁለተኛውን እኔ ልመልስ።

በላስቲክ የሚሸጠው አብዛኛው በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተጣበቀ ነው። ከአፈሩ ጋር ሊነካካ ሲል ግንዱ ላይ እንደ ጉብታ ያበጠ ቦታ አለ፤ መጋጠሚያው እሱ ነው። ከሱ በላይ የገዛችሁት አበባ፣ ከሱ በታች ብዙ ጊዜ ዶክተር ሁዊ የሚባል ሌላ ጽጌረዳ። ፌብሩዋሪ 16፣ 2021 እዚህ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሲደርስ ከመጋጠሚያው በላይ ያለው በየቤቱ ሞተ፤ ሥሩ ግን ተረፈና አቆጠቆጠ። ዛሬ በኤፕሪል መጨረሻ በሰፈሬ ስትነዱ በየአጥሩ የምታዩት ጥቁር ቀይ፣ መሐሉ ቢጫ፣ ቅርንጫፉ ረጅምና የተንዘረፈፈው አበባ እሱ ነው። ባለቤቶቹ «ቀለሙን ቀየረ» ይላሉ። አልቀየረም፤ የገዙት ሞቶ ተሸካሚው ነው ያበበው። እሱም በዓመት አንድ ጊዜ አብቦ ዝም ይላል።

በራሱ ሥር የቆመ ጽጌረዳ ግን ሥሩ ካልሞተ ከመሬት በታች የሚወጣው ያው ራሱ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ላይ «በራሱ ሥር የበቀለ» የሚል ቃል ይግባልኝ፤ ያለዚያ አልፈርምም።

ገንዘብ ያዥ

እትዬ፣ ገብቶኛል። አንደኛው ጥያቄዬ ግን እንዳለ ነው።

አባል፣ ከፕላኖ

ገንዘቡን መቀነስ ይቻላል። 24 እግር ለምን እንገዛለን? ስድስት እግር ገዝተን በሦስት ቤት እናሳድጋቸው፤ የቀረውን ከእነሱ ቆርጠን እናባዛ። የሻይ ጽጌረዳ ከቁራጭ እሺ ብሎ ሥር ይሰዳል።

አሠራሩ፦ አበባው ረግፎ ሲያበቃ የእርሳስ ውፍረት ያለው ዘንግ አራት አንጓ ያህል አድርጎ መቁረጥ። የታች ቅጠሎቹን አንስቶ የላይ አንድ ሁለቱን መተው። አሸዋና ፐርላይት (ነጭ፣ ቀላል የአትክልት ጠጠር) በተቀላቀለበት ጣሳ ውስጥ ሁለት አንጓ እስኪቀበር መስደድ፣ ከላይ ቂጡ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ መድፋት። ጥላ ውስጥ፣ እርጥብ ግን ያልጨቀየ። ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይፈጃል። ዘንጉን ሳብ ስታደርጉት ካስቸገረ ይዟል ማለት ነው። ኦክቶበርና ኖቬምበር ለዚህ ምርጥ ጊዜ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የጥንቶቹ የማንም መብት ስለሌለባቸው ቆርጦ ማባዛት ይቻላል። ፓተንት ያለባቸው አዳዲስ ዝርያዎች ግን አይፈቀድም። ጓሮዬ ካለው ላምጣ የምትሉ ስሙን አጣርታችሁ አምጡ።

አባል፣ ከሮውሌት

ሐሳቡ ቆንጆ ነው፤ ግን ቆርጦ መለዋወጥ በሽታ መለዋወጥም ሊሆን ይችላል። በዚህ አካባቢ የጽጌረዳ ሮዜት በሽታ ስንቱን የከተማ አደባባይ እንዳስነቀለ አይታችኋል። በዓይን የማትታይ ተባይ ናት የምታዛምተው፣ ነፋስ እያጓዛት። ምልክቱ አንድ ቅርንጫፍ ከሌላው ተለይቶ እንደ መጥረጊያ ይንጨባረራል፣ ቅጠሉ ይጨማደዳል እንጂ አይዘረጋም፣ እሾሁ ከመጠን በላይ ይበዛል። ቀላ ያለ ለጋ ቅጠል ብቻውን በሽታ አይደለም፤ የሻይ ጽጌረዳ ለጋው በተፈጥሮው ቀላ ይላል፣ ሰው እየደነገጠ ጤነኛ እንዳይነቅል።

መድኃኒት የለውም። ከነሥሩ ነቅሎ፣ ላስቲክ ውስጥ አስሮ ቆሻሻ ላይ መጣል ብቻ። ኮምፖስት ውስጥ እንዳይገባ። ስለዚህ ማንም ቁራጭ ከመስጠቱ በፊት እናት ተክሉ በሌላ ሰው ዓይን ይታይ። ስድስቱም በአንድ ቤት አይሁኑ፤ አንድ ቤት ቢመታ ሌላው ይተርፋል።

ደግሞ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ያለባችሁ ሰፈር የምትኖሩ፣ ፊት ለፊት ለመትከል አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ጓሮ ከሆነ ብዙ ጊዜ ማንም አይናገራችሁም።

አባል፣ ከጋርላንድ

አፈሩን ማንም አላነሳም፤ ከባዱ እሱ ነው። አገር ቤት በግብርና ሥራ በቾ ሜዳ ላይ ቆይቻለሁና የዳላስን ጥቁር አፈር ስረግጠው እንግዳ አልሆነብኝም። መረሬ ነው! ሲዘንብ ጫማ ይውጣል፣ በኦገስት ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ጉድጓድ ቆፍራችሁ ጥሩ አፈር ሞልታችሁ ብትተክሉ መረሬው ውሃውን እንደ ገንቦ ይይዝና ሥሩ ይበሰብሳል። ጉድጓድ ሳይሆን መደብ ነው የሚያስፈልገው።

የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የአርዝካይንድ የአትክልት መርሐ ግብር ለከባድ አፈር የሚመክረው ሦስት ኢንች ኤክስፓንድድ ሼል (በእሳት የተነፋ ቀዳዳ ቀዳዳ ጠጠር ነው፣ የአትክልት መሸጫ በከረጢት አለ) እና ሦስት ኢንች ኮምፖስት ከነባሩ አፈር ጋር መቀላቀል ነው። ከላይ ሌላ ሦስት ኢንች ጉዝጓዝ። የጠጠሩ ዋጋ ዕቅዱ ላይ አልተጻፈም፤ ከአበባው የሚበልጠው ወጪ እሱ ሊሆን ይችላል።

አፈራችን ኖራ ይበዛዋል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ የቅጠሉ ደም ሥር ብቻ አረንጓዴ መስመር ሆኖ ከቀረ የብረት እጥረት ነው እንጂ ጥማት አይደለም፤ ውሃ አትጨምሩበት።

አባል፣ ከሜስኪት

የቡና አተላስ? እኔ ቤት በየቀኑ ይደፋል።

አባል፣ ከጋርላንድ

ኮምፖስት ውስጥ ይግባ እትዬ። ግንዱ ሥር ብቻውን በወፍራሙ ከተደፋ ይጋገርና ውሃ አያሳልፍም።

አስተባባሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ረቂቁ እየተቀየረ ነው። ዝርያ እንምረጥ። አርዝካይንድ ከሚመክራቸው ጽጌረዳዎች ዝርዝር ውስጥ ዱሼስ ደ ብራባን (1857) እና ማዳም አንትዋን ማሪ (1901) የሻይ ጽጌረዳ ናቸው፤ እነሱን አስቀድሜያለሁ። ዱሼስ ሮዝ ቀለም፣ እንደ ስኒ ጎድጎድ ያለች፣ ሽታዋ የሚያውድ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ኮታቸው ላይ የሚሰኩት እሷን ነበር ይባላል።

አባል፣ ከአርቪንግ

ቢጫ የለም እንዴ? ያለ ቢጫ አበባ ጓሮ አይመስለኝም፤ አደይን የለመደ ዓይን።

አባል፣ ከፕላኖ

ሌዲ ሂሊንግደን አለች፣ 1910። ቢጫዋ ወደ አፕሪኮት ያዘነበለ፣ ለጋ ቅጠሏ ወይን ጠጅ። ግን አበባዋ አንገቷን ትደፋለች፤ ከፍ ያለ መደብ ላይ ወይም ደረጃ አጠገብ ካልተተከለች ፊቷን አታዩትም። ሁሉም እንደዚያው ናቸው በእርግጥ፤ ዘንጋቸው ቀጭን ነው። ለሰርግ እቅፍ የሚሆን አትጠብቁ። አጭር አጭሩን ቆርጦ ረከቦት አጠገብ በብርጭቆ ለማስቀመጥ ነው የሚመቹት።

አባል፣ ከአርቪንግ

ይሁና፣ ሂሊንግደን ትግባ። መግረዙን እኔ ልያዝ፤ አገር ቤት ጽጌረዳ በየዓመቱ ጉልበት ድረስ ነበር የምንቆርጠው።

አባል፣ ከሜስኪት

ኧረ በሞቴ ወንድሜ፣ እነዚህን እንዳትነካብን! ጉልበት ድረስ የሚቆረጠው ሃይብሪዱ፣ ያ ዘንጉ ቀጥ ያለው የሱቁ ዓይነት ነው። የሻይ ጽጌረዳ እንጨቱ ላይ እንጨት እየጨመረ ነው የሚያድገው፤ ጠልቆ የተቆረጠ ዓመት ሙሉ ያኮርፋል። በፌብሩዋሪ አጋማሽ የሞተውንና የሚተሻሸውን ማንሳት፣ ቅርጽ ለማስያዝ ቢበዛ ሲሶውን። የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ጭራሽ አለመንካት። ሰው ቁመት ይደርሳሉ፣ ስለዚህ በመካከላቸው ሁለት ሜትር ያህል ይተውላቸው።

አባል፣ ከአርቪንግ

እሺ እትዬ፣ መቀሱን አስቀመጥኩ። ውሃ ማጠጣቱን ልያዝ እንግዲህ። ዳላስ ከተማ ውስጥ ያላችሁ፣ ከኤፕሪል 1 እስከ ኦክቶበር 31 ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት በስፕሪንክለር ማጠጣት ክልክል ነው። ሥር ሥሩን የሚያንጠባጥብ ጎማ ይፈቀዳል፤ ቅጠሉን ስለማያረጥብም ለጥቁር ነጠብጣብ በሽታ ይሻላል።

ገንዘብ ያዥ

ሁሉም ጥሩ። ጉባኤውን የሚያሳምን ምክንያት ግን እስካሁን አላየሁም።

አስተባባሪ

ጋሼ፣ ይህን እንዴት ያዩታል? የሻይ ጽጌረዳ እዚህ በጣም የሚያምረው በበልግ፣ ሙቀቱ ሲሰበር በኦክቶበር ነው። ዘመነ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው፤ ከኦክቶበር 6 እስከ ኖቬምበር 14 ገደማ ማለት ነው። ያኔ አሥራ ሁለቱ ቤቶች በየተራ ጓሯቸውን ይክፈቱ፣ ቡና ይፈላ፣ ቁራጭ ይከፋፈል። ቤታቸው የዋሉ አዛውንቶቻችንን ለለቅሶ ብቻ ነው የምናገኛቸው፤ በደህና ቀን የምናገኝበት ይሆናል።

አባል፣ ከሪቻርድሰን

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ሐሳቡ ደስ ብሎኛል፣ ቡናውንም አመጣለሁ። ወረቀቱ ላይ ግን «በኦክቶበር ወር» ብቻ ይባል። እድሩ የሁላችን ነው።

አስተባባሪ

ልክ ነህ ወንድሜ፤ ተስተካክሏል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አድርገነዋል፣ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ሰው አይመችምና። የተሻሻለው፦

«የአትክልት ክፍሉ በራሳቸው ሥር የበቀሉ ስድስት የጥንት የሻይ ጽጌረዳዎች (ዱሼስ ደ ብራባን፣ ማዳም አንትዋን ማሪ፣ ሌዲ ሂሊንግደን፣ ከየዓይነቱ ሁለት) ገዝቶ በሦስት አባላት ጓሮ ለእናትነት ይተክላል። ለችግኝ 180 ዶላር፣ ለጠጠርና ለኮምፖስት ቢበዛ 240 ዶላር፣ በድምሩ ከ420 ዶላር ያልበለጠ ይጠየቃል። ቁራጭ የሚሰጠው እናት ተክሉ በሌላ አባል ታይቶ ጤነኛ ከተባለ በኋላ ነው። ለሌሎቹ ዘጠኝ ቤቶች ችግኝ በነፃ ይደርሳል። የጓሮ ጉብኝት በኦክቶበር ወር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፤ መጓጓዣ ለሌላቸው አዛውንቶች መኪና ይመደባል።»

አባል፣ ከጋርላንድ

መደቡን እኔ ከልጆቼ ጋር እቆፍራለሁ፤ የጉልበት ዋጋ አይጻፍ። አፈሩ ሲረጥብ ግን አልነካም፣ እንደ ጡብ ነው የሚደርቀው።

አባል፣ ከአርቪንግ

ከዚህ ቆርጬ አዲስ አበባ እህቴ ጋ ልወስድ እችላለሁ?

አባል፣ ከፕላኖ

ሻንጣ ውስጥ ከትቶ አይደለም። የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀትና የማስገቢያ ፈቃድ ይጠይቃል። ዕቅዱ ውስጥ አናስገባው።

ገንዘብ ያዥ

አዛውንቶቹ የሚለውን መስመር ወደ ላይ አውጡትና የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አድርጉት፤ አበባው ከሱ በታች ይምጣ። እንደዚያ ከሆነ ጉባኤው ላይ እኔው አነበዋለሁ። 420ው በሁለት ዙር ይከፈላል፣ ግማሹ የጠጠሩ ደረሰኝ ሲመጣ። ያለ ደረሰኝ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ይወቀው።