አፈሩ ቤንዚን ይሸታል፣ ላብራቶሪው ግን «አልተገኘም» አለ

ጀማሪዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራውን ከጀመርኩ ገና ስምንተኛ ወሬ ነው። አንድ የቤንዚን ታንክ ከመሬት ሲወጣ ከሥሩ አፈር፣ አጠገቡ ካለው የክትትል ጉድጓድ ደግሞ ውሃ ወሰድን። የአፈሩ ሽታ ራስ ያዞራል። ውጤቱ ሲመጣ ቤንዜንም ቶሉይንም (ቤንዚን ውስጥ ያሉት ቀላል ውህዶች) «አልተገኘም» ይላል። ከበድ ያሉት የነዳጅ ውህዶች ግን አሉ። አለቃዬ ሪፖርቱን ጨርሺው አለኝ፤ እኔ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የጉድጓድ ውሃ የሚጠጡ ሰዎች አሉ።

ያደረግነው ይሄ ነው። አፈሩን ላስቲክ ውስጥ አሽተን ቀላቀልነው። አፈ ሰፊ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ ሞላን። እስከ ማታ መኪና ውስጥ ቆየ። ውሃውን በቤይለር (በገመድ ጉድጓድ ውስጥ በሚወርድ ቱቦ መሰል መቅጃ) ቀዳን። የቱ ጋ ነው የተሳሳትነው?

የጉድጓድ ዳር
እህቴ፣ ሪፖርቱን አለመጨረስሽ ትክክል ነው። (አፈር ወደ አፍንጫሽ አስጠግተሽ ግን ዳግም እንዳታሸቺ። ቤንዜን ካንሰር ያመጣል፤ ለሽታው የጋዝ መለኪያ አለ።)

ከባዶቹ ቀርተው ቀላሎቹ ከጠፉ፣ ሽታው ደግሞ እንዲያ ከሆነ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው አወሳሰዱን ነው። ቤንዜን በጣም ተናኝ ነው፣ ቶሎ ወደ አየር ይሄዳል። አፈሩን ስታሹት ወጣ። የጠርሙሱ ባዶ ግማሽ ተቀበለው። ክዳኑ ሲከፈት ሄደ። ማሸትና መቀላቀል ለእርሳስ ምርመራ ያስኬዳል፣ ለተናኝ ነገር ፈጽሞ አይሆንም።

አፈሩ እንደወጣ አዲስ ገጽ ቁረጪ። ጫፉ በተቆረጠ ሲሪንጅ 5 ግራም ያህል ውሰጂና ቀድሞ የተመዘነ፣ ሜታኖል (ቤንዜኑን አሟሙቶ የሚይዝ አልኮል) ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ክተቺ። የጠርሙሱን ጥርስ ከአፈር ጥረጊ፤ አንዲት ጠጠር ከቀረች ክዳኑ አይገጥምም። ከዚያው አፈር ሜታኖል በሌለው ጠርሙስ ለእርጥበት መለኪያ ጨምሪ። እኔ አንድ ጊዜ ይህችን ረስቼ ላብራቶሪው በደረቅ ክብደት ማስላት አቅቶት የአንድ ሳምንት ሥራ ደግሜያለሁ።

ጥልቀቱንስ ማን መረጠው? ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል የከርሰ ምድር ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ውሃው ከፍ ዝቅ ሲል አፈሩን እየቀባ አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከታንኩ ሥር ብቻ ወስዳችሁ ከሆነ ዋናው ቆሻሻ ከታች፣ ውሃው ወለል አካባቢ ቀርቶ ይሆናል።

ቤይለሩም ውሃውን ያናውጠዋል። በፓምፕ ቀስ ብላችሁ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ሳቡ። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ)፣ ኦክስጅንና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት በተከታታይ ሦስት ንባብ ሲረጉ ያን ጊዜ ቅጂ።

ላብራቶሪ ውስጥ ያለሁ
በኔ በኩል ያለውን ልጨምር። «አልተገኘም» ማለት ዜሮ ማለት አይደለም። መለኪያው ሊያገኘው የሚችለው ዝቅተኛ መጠን ስንት እንደነበር ጠይቂ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የቤንዜን መመሪያ መጠን በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ነው። የመለኪያው ዝቅተኛ መጠን ከዚያ በላይ ከሆነ ውጤቱ ስለሚጠጡት ሰዎች ምንም አይነግርሽም።

ውሃውን 40 ሚሊ ሊትር በሚይዘው ጠርሙስ፣ አፉ ላይ ጉብ እስኪል ሙይ። ዘግተሽ ገልብጪው፣ በጣትሽ መታ መታ አድርጊው። አረፋ ካየሽ በሌላ አዲስ ጠርሙስ ድገሚ። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤቹን ከ2 በታች ካወረደውና 4 ዲግሪ ላይ ከቆየ 14 ቀን ይጠብቃል። ካርቦኔት የበዛበት ውሃ ግን አሲዱ ሲነካው ይፈላል፤ ያኔ ያለ አሲድ ቅጂና በ7 ቀን ውስጥ አድርሺልን። ከላብራቶሪ ተሞልቶ የሚሰጥሽ ንጹሕ ውሃ ሳይከፈት አብሮሽ ሄዶ አብሮሽ ይመለስ። እሱ ላይ ቤንዜን ከተገኘ ችግሩ ከመንገድ ነው።

ማርከሩንም ተጠንቀቂ። ቀለሙ ውስጥ ዛይሊን (ቤንዚን ውስጥም ያለ ተናኝ ውህድ) ያለበት አለ።

ጀማሪዋ
እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ሁለታችሁንም። ለአለቃዬ አሳየሁት፣ እንደገና እንድንወስድ ተስማማ። ሐሙስ እንሄዳለን። ፓምፑን የሚያሠራው ጀነሬተር ግን በቤንዚን ነው። ያስቸግራል?

የጉድጓድ ዳር
ያስቸግራል። ነፋሱ ከጉድጓዱ ወደ ጀነሬተሩ እንዲነፍስ አድርገሽ አርቀሽ አቁሚው። ነዳጅ የሚሞላው ሰው ጠርሙስ አይንካ፣ አንቺም ነዳጅ አትንኪ። ጓንት በየጉድጓዱ ቀይሪ፤ ንጹሕ ይሆናል ብለሽ ከምትገምቺው ጀምረሽ ወደ ቆሸሸው ሂጂ። ፓምፑ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ውሃው ላይ የተንሳፈፈ ቤንዚን መኖሩን ነዳጅና ውሃን በሚለየው መለኪያ እዪ። ካለ ውፍረቱን መዝግቢ፣ ከዚያ ጉድጓድ ግን ውሃው ውስጥ የሟሟውን ለመለካት ናሙና አትውሰጂ።