ጥቆማ፦ ለኮፒ ቤት የትኛው ሊኑክስ ይሻላል?

ከሸዋ ሮቢት፦
ሰላም ለሁላችሁ። እህታችሁ የኮፒና ጽሕፈት ቤት አላት፤ ማሽኖቹ ሁሉ ዊንዶውስ 10 ናቸው። ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አልቋል፤ አዲስ መግዛት አይታሰብም፤ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ልጭንባቸው ነው። ከሊኑክስ ዓይነቶች ዴቢያንን ብዬ ስገባ ስቴብል፣ ቴስቲንግ፣ ሲድ የሚባሉ ሦስት ቅርንጫፎች አሉ ይለኛል። መካከለኛውን ልውሰድ?

ከደብረ ብርሃን፦
እህቴ፣ ስቴብሉን ውሰጂ፤ አሁን ያለው ዴቢያን 13 ነው፣ ነሐሴ 2017 የወጣው። አዲስ ፓኬጅ (ለመጫን የተዘጋጀ ፕሮግራም) መጀመሪያ ሲድ ውስጥ ይገባል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ከባድ ስህተት ካልተገኘበት ወደ ቴስቲንግ ያልፋል። በሁለት ዓመት አንዴ ገደማ ቴስቲንግ አዲስ ነገር እንዳይገባበት ይዘጋል፤ ስህተቱ ተለቃቅሞ ሲያልቅ ቀጣዩ ስቴብል ይሆናል።

ቴስቲንግ መሐል ላይ ስላለ ብቻ አስተማማኝ እንዳይመስልሽ። ስቴብል የደህንነት ጥገናውን በቀጥታ ያገኛል፤ ቴስቲንግ ግን ብዙውን ጊዜ ጥገናው ከሲድ እስኪያልፍለት ይጠብቃል፣ ሌላ ፓኬጅ ከያዘው ደግሞ ይቆያል። የሰው ፍላሽ ቀኑን ሙሉ የሚሰካበት ቤት ይህን አይችልም። ሲድማ ዳታሽን ይጨርሰዋል፤ ለዩኒቨርሲቲ ልጆች ተዪላቸው፣ ዋይፋይ አላቸው። ስቴብል 3 ዓመት ሙሉ ድጋፍ፣ ከዚያ 2 ዓመት ተጨማሪ አለው። ማሽንሽ 32 ቢት (የቆየ ዓይነት ፕሮሰሰር) ከሆነ ግን 13 አይጫንልሽም።

ከመሐል ሜዳ፦
እኔ ሚንት 22 የሚባለውን ሊኑክስ እላለሁ። መልኩ ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው አይከብድም፤ መሠረቱ ኡቡንቱ 24.04 የሚባል ሌላ ሊኑክስ ነው፣ የ5 ዓመት ድጋፍ ያለው። ኡቡንቱን ራሱን ከመረጥሽ ኤልቲኤስ (ረጅም ድጋፍ ያለው) የሚለውን ብቻ፤ በመሐል በየ6 ወሩ የሚወጡት ድጋፋቸው 9 ወር ነው። ፌዶራ የሚባለው ሊኑክስም ጥሩ ነው፣ ግን 13 ወር ገደማ ሲሞላው ወደ አዲሱ መሻገር ግድ ነው። ለኮፒ ቤት አይሆንም።

ከሸዋ ሮቢት፦
አንድ ልጅ ፍሪቢኤስዲ (ሊኑክስ ያልሆነ ሌላ ሲስተም) ስቴብል ጫኚ አለኝ፤ እሱስ?

ከደብረ ብርሃን፦
እዚያ ስቴብል የሚባለው ገና የሚሠራበት ቅርንጫፍ ነው። ከረንት በሚባለው ዋና የሥራ ቅርንጫፍ ላይ የተሞከረው ወደ እሱ ይወርዳል፤ ለሥራ የሚወሰደው ከእሱ የሚወጣው ሪሊዝ (የተጠናቀቀ ዕትም) ነው። ለሰርቨር እወደዋለሁ፣ ለአንቺ ግን አልመክርም።

ሚንትም ሆነ ዴቢያን፣ ከመጫንሽ በፊት በፍላሽ አስነሥተሽ ፕሪንተሩንና ስካነሩን ሞክሪ። የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ስለሆነ በእሱ የተጻፉ የቆዩ ደብዳቤዎች ካሉሽ አንዱን ማሽን እንዳለ ተዪው፤ ከኢንተርኔት ግን ንቀይው።