ደሴ፦ ክረምት የተከልነውን በበጋ ማን ያጠጣው?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። ክረምት ላይ ሆጤ ሰፈራችን የመንገዱን ዳር ወይራና ጽድ ተክለን ነበር። ችግኙን ማዘጋጃ ቤት አመጣ፣ ጉድጓዱን እኛ ቆፈርን። አሁን ጥር ነው። የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኗል፣ የተረፈውን ፍየል እየቀነጠበው ነው። ሳየው አንጀቴን ይበላኛል። እድራችን ይያዘው ወይስ ከተማው?

መልስ፦ ሁለቱም እንጂ! እድሩ ለየቤቱ ያከፋፍል፤ ደጃፍህ ያለው ያንተ ነው። አጥርና ውሃ ከከተማው። ደግሞ በጽሑፍ ተፈራረሙ፤ ኃላፊ ሲቀየር የቃል ስምምነት አብሮ ይሄዳል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በየቀኑ ጠብ ጠብ አታድርግለት፤ ሥሩ ወደ ታች አይወርድም። በሳምንት አንዴ ሁለቴ፣ ግን እስኪጠግብ። ዙሪያውን አፈር ከፍ አድርገህ ውሃ መያዣ ሥራለት። ደረቅ ሣር አልብሰው፤ ግንዱን ግን አይንካው። እኛ ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምንል ሙቀቱ ይብሳል፤ ያለ ሣር አንሞክረውም። ወይራ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ሁለት ሦስት በጋ ጠብቁት።

ጠያቂው፦ አላህ ይስጥልኝ። የእድሩ ስብሰባ እሁድ ነው፣ አነሳዋለሁ። በልጉ እስኪገባ ውሃ የምናመላልስበት ትርፍ ጄሪካን ያላችሁ የሆጤ ልጆች፣ እዚሁ ጻፉልኝ።